ሕፃን ይሉኝታ አያውቅም፦ ትንሽ ልጅ በሰው ፊት ሲያሳፍር ወላጅ ምን ያድርግ?

በአንድ የክረምት ቅዳሜ፣ ደሴ ሮቢት በሚገኘው ቤታችን ቡና ተፈልቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ሲል፣ 2 ዓመት ከ8 ወር የሆነው ልጄ ከጓዳ ብቅ አለ። ሱሪውን አውልቆ ጥሎታል፤ አንድ እጁ ብልቱ ላይ ነው፣ በሌላው እጁ ደግሞ ከሳህኑ ቆሎ ይዘግናል። ከጎረቤቶቼ አንዷ «አስተግፊሩላህ!» ስትል ሌላዋ በዚያው ቅጽበት «በስመ አብ!» አለች፤ ደሴ ውስጥ ድንጋጤም ቢሆን በሁለት ሃይማኖት ነው የሚወጣው። እኔም ሳላስበው እጁን ቸብ አድርጌ «ነውር ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ልጁ በድንጋጤ ቆሎውን በትኖ አለቀሰ፤ እጁ ግን ጥቂት ቆይቶ ወደነበረበት ተመለሰ።

ቆይቼ ሳስበው ያን ጩኸት የጮህኩት ለጎረቤቶቼ ብዬ እንደነበር ገባኝ፤ «ልጇን አትቀጣም» እንዳልባል ነው። ይሉኝታ ከሰው ጋር አብሮ የሚያድግ እንጂ አብሮ የሚወለድ አይደለም፤ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚገኝ ልጅ፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ራሱን የሚገታበት ዐቅም ገና አልጠናለትም። ስሜትንና ድርጊትን የሚቆጣጠረው የአንጎል የፊተኛው ክፍል አድጎ የሚጨርሰው በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ በመሆኑ፣ የሁለት ዓመት ልጅን «አታፍርም?» ብሎ መጠየቅ ያልተዘራ ጤፍ ለማጨድ እንደ መውጣት ነው። «ነውር» የሚለው ቃልም ለእንዲህ ያለ ልጅ ምንም አይነግረውም፤ ነውር የተባለው እጁ ይሁን፣ ሱሪው ይሁን፣ ቆሎው ይሁን ወይስ እሱ ራሱ፣ የሚለይበት መንገድ የለውም። የሚገባው ድምፅ ነው። የእናቱ ድምፅ ሲለወጥ አንድ ትልቅ ነገር እንደተፈጠረ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ወይ ፈርቶ ይደብቀዋል፣ ወይም ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ስላየው ደስ ይለውና ይደግመዋል።

ከዚህ ተነሥቼ ራሴን ያስለመድኩት ቅደም ተከተል አጭር ነው። መጀመሪያ እስትንፋስዎን በዝግታ ያስወጡ፤ የሚወስደው ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢሆንም የመጀመሪያውን ጩኸት ያስቀራል። ቀጥሎ ከተቀመጡበት ሆነው ከመጣራት ይልቅ ወደ ልጁ ሄደው ቁጢጥ ይበሉ፤ ፊትዎ ከፊቱ ጋር ሲስተካከል ድምፅዎን ከፍ ማድረግ አያስፈልግዎትም። ከዚያም ከአምስት ስድስት ቃል በማይበልጥ ዐረፍተ ነገር የሚደረገውን ይንገሩት፦ «ሱሪ እንልበስ፤ ከዚያ ቆሎ ትበላለህ።» «አታድርግ» ብቻ ማለት ለሕፃን ከባድ ነው፤ የሚተወውን እንጂ በምትኩ የሚሠራውን አያሳየውም። ለእንግዶቹ «ዕድሜው ነው፣ ያልፋል» ማለት በቂ ነው፤ ወደ ጨዋታው ይመለሱ። ረጅም ይቅርታ መጠየቅ፣ በተለይም ልጁ እየሰማ «ይሄ ልጅ እኮ አስቸገረኝ» እያሉ ማማረር ነገሩን ከልኩ በላይ ያገዝፈዋል። እኔ አሁንም የምስተው የመጀመሪያውን፣ እስትንፋሱን ነው።

ብልቱን ሲነካና ልብሱን ሲያወልቅ

ትልልቅ ሰዎችን ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ሕፃናት ጆሯቸውንና የእግር ጣታቸውን እንደሚያገኙት ሁሉ ብልታቸውንም ያገኙታል፤ በአልትራሳውንድ ምርመራ ገና በማኅፀን ሳሉ ሲነኩት የታየበት ጊዜም አለ። ዳይፐር መታሰር ሲቀር፣ ቀድሞ ተሸፍኖ የነበረው ነገር እጅ ሥር ስለሚውል፣ መነካካቱ ይብሳል። ትልቅ ሰው የሚያስበው ዓይነት ሐሳብ በልጁ ዘንድ የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ሲመጣበት፣ ሲሰለቸው፣ ሲጨነቅ ወይም ሽንቱ ሲይዘው የሚያደርገው ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው «ሽሽ መጣህ?» ብለው ይጠይቁት፤ በእኔ ልጅ ዘንድ ነገሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል። ካልሆነ እጁን የሚያስይዘው ነገር ይስጡት፤ የቡና ቁርስ ለእንግዶች እንዲያዞር ቢላክ፣ የሚላክ ልጅ ሁለቱም እጆቹ ሥራ ላይ ናቸው።

ልጁ ወደ 3 ዓመት ሲጠጋ የቦታን ነገር መረዳት ስለሚጀምር «ሳሎን ውስጥ ሱሪ እንለብሳለን፤ ሰውነታችንን የምንነካው ብቻችንን ስንሆን ነው» ማለት ይቻላል። ይህ አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚያበቃ አይደለም፤ ሃምሳ ጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ መደገም አለበት። ቤት ውስጥ በቁልምጫ መጥራት የሚከፋ ባይሆንም፣ ልጁ «ብልት» የሚለውን ቃል ቢያውቅ እመርጣለሁ። ሲያመው ወይም ሰው ያለ አግባብ ሲነካው በግልጽ ሊናገር የሚችለው ስሙን ካወቀው ነውና።

በማስፈራራት የሚገኝ ነገር የለም። «እቆርጠዋለሁ»፣ «አያ ጅቦ ይወስደዋል» የሚሉት ማስፈራሪያዎች ለትልቅ ሰው ቀልድ ቢሆኑም፣ ሕፃን ቀልድና እውነትን ስለማይለይ ሌሊቱን ሲቃዥ ሊያድር ይችላል። እዚህ ላይ አንድ የታዘብኩትን ልጨምር፦ በየቤቱ ወንድ ልጅን «እስቲ አሳየኝ፣ ወንድነትህን ልየው» እያሉ የሚጫወቱ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ልጁ ያሳያል፤ ይሳቃል፤ ይሳማል። በማግሥቱ ያንኑ በእንግዳ ፊት ሲያደርግ ይመታል። ከልጁ በፊት መታረም ያለበት ያ ጨዋታ ነው፤ አጎትም ይሁን አያት «እንዲህ ያለውን ጨዋታ ትተናል» ተብሎ በአክብሮት ሊነገራቸው ይገባል።

ልብስ ማውለቅን በተመለከተ የደሴ ብርድ ከወላጅ ጎን ይቆማል፤ ኮምቦልቻ ያለችው እኅቴ ግን ይህ ረዳት የላትም፣ ልጇ ከቀትር በኋላ ልብስ የሚባል ነገር አይቀበልም። ያገኘችው መላ፣ በር ሲንኳኳ የሚለበስ አንድ ሰፊ ቁምጣ በሩ አጠገብ መስቀል ነው። ልጁ ራሱ ሮጦ ያወርደዋል።

በታክሲ ውስጥ የተጠየቀ ጥያቄ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ስንወርድ ተሳፋሪው ሁሉ ጸጥ ስለሚል፣ አንድ ሕፃን የሚናገረውን እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ይሰማዋል። ልጄ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ከጎናችን የነበሩትን ሽማግሌ አተኩሮ ሲያይ ቆየና «እማዬ፣ የእሳቸው እጅ የት ሄደ?» አለ። ሰውየው አንድ እጅ አልነበራቸውም። የመጀመሪያው ስሜቴ አፉን መያዝ ነበር፤ ይህን ባደርግ ኖሮ ልጁ የሚማረው እጅ የሌለው ሰው የሚያስፈራ እንደሆነ ነበር። «የሰው አካል የተለያየ ነው፤ እሳቸው በአንድ እጃቸው ይሠራሉ። ሰላም በላቸው» አልኩት። ሽማግሌው ፈገግ ብለው «እሷ ቀድማኝ ጡረታ ወጣች፣ ልጄ» አሉና ያለችዋን እጃቸውን ዘረጉለት። ከዚያ እስከ መናኸሪያ ድረስ ሲያወሩ ሄዱ።

ሁሉም ሰው እንዲህ ያለ ልብ አለው ማለት አይደለም። ልጅ ጮክ ብሎ «ሴትዮዋ ለምን ወፈረች?» ቢል እና ሴትዮዋ ብትቀየም፣ «ይቅርታ፣ ልጅ ነው» ብሎ አጠር ያለ ይቅርታ መጠየቅና ልጁን ሳይቆጡ ወደ ሌላ ነገር መውሰድ ይገባል። የሰውን ስሜት የሚመለከተው ትምህርት ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ይሰጠዋል፤ «ስለ ሰው አካል ጥያቄ ሲኖርህ በጆሮዬ ንገረኝ» ማለት ይቻላል። 3 ዓመት ተኩል አካባቢ ያለ ልጅ ይህን ውል አልፎ አልፎ ይጠብቃል። በጆሮ መንገሩን ተምሮ ድምፁን ዝቅ ማድረጉን ያልተማረ ልጅ ግን በጆሮዎ ላይ እየጮኸ ሊነግርዎት ይችላል፤ ይህንንም መታገሥ ነው።

ገበያ መሐል መሬት ላይ ሲንከባለል

የደሴው ሰኞ ገበያ በገበያ ቀን ለሕፃን የሚመች ቦታ አይደለም፤ ሰው ይጋፋል፣ ጋሪና ባጃጅ ይተላለፋል፣ በየደረሱበት የሚያምር ነገር ተዘርግቷል። ልጁ ኳስ አይቶ «ግዢልኝ» ብሎ ሲከለከል ጭቃው ላይ ተዘርግቶ መጮህ ቢጀምር፣ ይህ በ1 እና በ4 ዓመት መካከል ባሉ ልጆች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ፍላጎቱ ከንግግር ችሎታው ቀድሞ ስለሚያድግ የሚናገረውን በአካሉ ይናገረዋል። በመሐሉ ምክር መስጠት አይጠቅምም፤ አይሰማም። መጀመሪያ ከጋሪና ከባጃጅ መንገድ አንሥተው ወደ ዳር ይውሰዱት። አጠገቡ ይሁኑ፤ «ኳሱን ፈልገህ ነበር፤ ተናደሃል» ይበሉና ዝም ይበሉ። አብዛኛው ንዴት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱን ይጨርሳል። «በቃ ጥዬህ ሄድኩ» ብሎ ዞሮ መራመድ ጸጥ የሚያሰኘው ይመስላል፤ ያስቆመው ግን መጣልን መፍራት ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ከቀሚስዎ አይላቀቅም።

ከልጁ ይልቅ የሚያስቸግረው ተመልካቹ ነው። አንዱ «ምን አለበት፣ ግዢለት» ይላል፤ ሌላዋ ከመደቧ ብስኩት አንሥታ ልጁ እጅ ላይ ታስቀምጥለታለች። ወሎ ነውና ደግነቱ ከልብ ነው፤ ይሁንና በጮኸ ቁጥር ብስኩት የሚያገኝ ልጅ ጩኸትን ሥራዬ ብሎ ይይዘዋል። «አላህ ይስጥልኝ እትዬ፣ ቤት ስንደርስ ይበላዋል» ብሎ ተቀብሎ ቦርሳ ውስጥ ማስገባት ማንንም አያስቀይምም። ከለከልኩ ያሉትን ነገር ጩኸቱ ሲበረታ መግዛት ደግሞ ከመጀመሪያው ከመግዛት የከፋ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ቀድሞ መዘጋጀት ስለሆነ፣ ልጁ በልቶና ተኝቶ ሳለ፣ ከምሳ በፊት ቶሎ ገብቶ መውጣት ጥሩ ነው።

አንዳንድ ልጅ ሲናደድ አልቅሶ አልቅሶ ትንፋሹ ቁርጥ ይልና ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ራሱን የሚስትም አለ። እጅግ ያስፈራል፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ በራሱ ይመለሳል። በጎኑ ያስተኙት፤ አይነቅንቁት፣ ውኃ አፉ ውስጥ አያፍስሱ። የመጀመሪያው ጊዜ ከሆነ ግን ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል፤ ከብረት ማዕድን እጥረት ጋር የሚያያዝበት ጊዜ ስላለ የደም ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል።

መናከስ በ1 እና በ2 ዓመት መካከል የበረታ ነው። የጎረቤት ልጅ ሲነከስ መጀመሪያ የተነከሰውን ያባብሉ፤ ለነካሹ «መንከስ ያማል» ብቻ ይበሉና ከአጠገቡ ያርቁት። «መልሰሽ ንከሺው፣ ይማራል» የሚል ምክር በየግቢው አይጠፋም፤ የሚማረው ትልቅ ሰውም እንደሚናከስ ነው። በርበሬ ከንፈር ላይ መቀባት ወይም በበርበሬ ማጠን ዓይንንና መተንፈሻን የሚጎዳ ስለሆነ በምንም ምክንያት መደረግ የለበትም።

ሽንትና ካካ

ልጅ ለፖፖ የሚዘጋጀው በአብዛኛው በ18 ወርና በ3 ዓመት መካከል ነው፤ ምልክቶቹም ሁለት ሰዓት ያህል ሳይረጥብ መቆየቱ፣ መምጣቱን መናገሩና ሱሪውን ራሱ ዝቅ ማድረግ መቻሉ ናቸው። ደሴ ላይ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም፤ ጥብቅ ታይት፣ ከላዩ ሱሪ፣ ከዚያም ቀበቶ የለበሰ ልጅ እስኪፈታ ድረስ አይጠብቅም። ላስቲክ ወገብ ያለው አንድ ወፍራም ሱሪ ብዙ እንባ ያድናል። እንግዳ ቤት ሄደው ምንጣፍ ላይ ቢሸና «ሽሽ አመለጠህ፤ እንጥረገው» ብለው ጨርቁን ለእሱም ያካፍሉት፤ ቅያሪ ሱሪ ሁልጊዜ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። የሌሊቱ ከቀኑ ዘግይቶ ነው የሚስተካከለው፤ እስከ 5 ዓመትና ከዚያም በላይ አልጋ ላይ መሽናት የተለመደ ስለሆነ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ልጁን በጎረቤት ማሳቅ ተገቢ አይደለም።

በጋራ ግቢ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጉድጓድ ያለው መጸዳጃ ቤት ለሕፃን ጨለማና ጥልቅ ስለሆነ እወድቃለሁ ብሎ ይፈራል፤ ስለሚፈራም ካካውን ይይዛል፤ ሲይዝ ይደርቃል፤ የደረቀው ሲወጣ ያመዋል፤ ስለሚያመው የበለጠ ይይዛል። መጨረሻ ላይ ሳያውቀው ሱሪው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምርና «እያወቀ ነው» ተብሎ ይገረፋል። መፍትሔው ፖፖውን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ፣ ልጁን ከምግብ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ፖፖው ላይ ማስቀመጥ፣ ውኃ፣ ጎመንና ፍራፍሬ መጨመር ነው። ካካውን ግድግዳ ላይ የሚቀባ ልጅም ያጋጥማል። ፊትዎን ሳያኮሳትሩ፣ ብዙም ሳይናገሩ አጥበው ይጨርሱ፤ እጁ ለስላሳ ነገር ማሸት ፈልጎ ከሆነ በሌላ ጊዜ ከሊጡ ቆንጥረው ይስጡት።

ስለ ቀሩት ብዙ አልልም። አፍንጫውን ሲጎረጉር መሐረብ ማቀበል፣ ጮክ ብሎ ፈስቶ ሲስቅ «ይቅርታ ይባላል» ብሎ ማለፍ በቂ ነው። ከግቢው የለቀመውን ስድብ ሲደግም መሳቅም መቆጣትም ቃሉን ያነግሠዋል፤ ያልሰሙ ይምሰሉ። እንግዳ ስሞ ሰላም እንዲል ሲገደድ ቀሚስዎ ሥር የሚደበቅን ልጅ ግን አልገፋም፤ እጅ ማውለብለብ ወይም «ሰላም» ማለት ይበቃዋል። አልሳምም ማለት የሚችል ልጅ ሌላም ጊዜ እምቢ ማለት ይችላልና።

ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

የብልት አካባቢ መቅላት፣ ፈሳሽ፣ ደም ወይም ሲሸና ማልቀስ ካለ ነገሩ የባሕርይ አይደለም፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ሌሊት መቀመጫውን የሚያክ ልጅ ትል ሊኖረው ይችላል። ከአፍንጫው በአንድ ወገን ብቻ የሚሸት ንፍጥ የሚወርደው ልጅ ሽምብራ ወይም ዶቃ ከቶ ይሆናልና በቤት ውስጥ በእንጨት ለማውጣት አይሞክሩ፤ ወደ ውስጥ ይገፋል። አፈር የሚበላ ልጅም እንዲሁ መታየት አለበት። ብዙ ወላጅ «ቤታቸው ምግብ የለም» እንዳይባል ይደብቀዋል፤ ነገር ግን አፈር መብላት ከደም ማነስ ጋር የሚያያዝ ስለሆነና ራሱም ትል ስለሚያመጣ መደበቁ ልጁን ይጎዳል። ለሕፃን ዳቦ በሻይ መስጠት ልማድ ቢሆንም፣ ሻይ ከምግብ የሚገኘውን የብረት ማዕድን ሰውነት እንዳይወስደው ስለሚያግድ ቢቀር ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ ሊዘነጋ የማይገባው፣ ልጅ የትልቅ ሰውን የግብረ ሥጋ ድርጊት አስመስሎ ሲያደርግ ወይም ሲናገር፣ ሌላ ልጅን አስገድዶ ሲነካ፣ ወይም አንድን ሰው በድንገት መፍራት ሲጀምር ነው። ያኔም ቢሆን አይጩኹ። «ማን አሳየህ?» ብሎ አጣድፎ መጠየቅ ልጁን ይዘጋዋል፤ «ንገረኝ፣ አልቆጣህም» ብለው ያለውን ብቻ ያዳምጡና ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በቤት ያሉት ሰዎች ሁሉ አንድ ቃል ሲናገሩ ነው። እናት በእርጋታ «ሱሪ እንልበስ» ስትል ሠራተኛዋ የምትቆጣ፣ አያት የምትስቅ ከሆነ ልጁ የማንን እንደሚይዝ ግራ ይገባዋል። እኔም አማቴን ለማሳመን ወራት ፈጅቶብኛል፤ «እኛ በአርጩሜ ነው ያደግነው» ይሉኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቶቼ ቡና ላይ እንዳሉ ልጁ እንደ ልማዱ ራቁቱን ብቅ ሲል፣ እኔ ገና ከበርጩማዬ ሳልነሣ እሳቸው ጋቢያቸውን ከፈት አድርገው «ና ወዲህ፣ ብርድ ነው፤ ሱሪ እንልበስ» አሉት። ገባላቸው።